አራት መቶ ሰባ ሁለተኛዋ ፍሬ

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ሲያወጣልኝ ግን ገና አራስ ስለነበርኩ ጠባዬን አያውቅም ነበር። ጅማ ጊንጆ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕጽዋት ሳይንስ ተምሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆምኩ፣ በሦስተኛው ዓመት ድንገት ጋዋን ለብሼ በሽቦ በታጠረ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ራሴን ያገኘሁ ሰው ነኝ። የምነግራችሁ በዚያ ማሳ ዙሪያ ስላሳለፍኳት አንድ ቀን ተኩል ነው። ሰው "ያ ቀን ሕይወቴን ቀየረው" ሲል ስሰማ አጋነነ እል ነበር። የእኔን ግን ቆጥሬ ነው የምናገረው፤ ፍሬ በፍሬ።

ማሳው ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አንድ የምርምር ተቋም ልውጠ ህያው በቆሎ ይሞክርበታል። ነገሩ ለማታውቁት እንዲህ ነው፤ አፈር ውስጥ ከምትኖር በዓይን ከማትታይ ተሕዋሲ አንድ የዘረመል ቁራጭ ተወስዶ በቆሎው ውስጥ ገብቷል። ተምች ያንን በቆሎ ሲበላ ይሞታል። ለሰው ጉዳት የለውም ይላሉ ያጠኑት፤ ቢሆንም ገና ያልተፈቀደ ስለሆነ ሕጉ ጥብቅ ነበር። የአበባው ዱቄት በንፋስ ከጎረቤት በቆሎ ጋር እንዳይዳቀል ከገበሬው ሁሉ ዘግይተን ነው የዘራነው። ስንወጣ ጫማችንን እናራግፋለን። ከአጥሩ አንዲት ፍሬ አትወጣም፤ የተሰበሰበው ሁሉ ተቆጥሮ፣ ተመዝኖ፣ እንደገና ተቆጥሮ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ የመጨረሻው የመሰብሰቢያ ቀን ነው። በነጋታው ጠዋት አለቃዬ ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ከመጣች አንዲት የቁጥጥር ባለሙያ ጋር መጥተው ማሳውን ሊዘጉ ቀጠሮ ይዘዋል። ያን ዓመት ተምች አገሩን አዳርሶት ስለነበር፣ ለማነጻጸሪያ የዘራነው ተራ በቆሎ እንደ ወንፊት ተበስቷል። ከጎኑ ያለውን ልውጡን ሽፋኑን ገልጬ ሳየው ግን አንዲት ቀዳዳ የለችበትም። ጥርሱን ገጥሞ ፈገግ ያለ ይመስላል። ገርሞኝ ቆሜ ቀረሁ። የተማርኩትን ነገር በዓይኔ አየሁት፤ ሰው ይህን ማድረግ ችሏል!

ከኋላዬ ዘበኛችን አባ ዲጋ ቆመዋል። ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ አንድ ሶላት የማያሳልፉ፣ የቆብ መለወጫ የሌላቸው ሰው ናቸው።

"ማሻአላህ" አሉ። "ተምቹ እምቢ ብሎት ነው?"

"ቢበላው ይሞታል አባ ዲጋ።"

"እና ይሄንን ነው የምታቃጥሉት?"

"ሕጉ ነው።"

"ለሰው እሺ አይሁን። ለዶሮስ?"

"አይቻልም።"

"ለዘርስ?"

"ለዘርማ ጭራሽ!" ብዬ ሳቅሁ። የሳቅሁበትን ዛሬም አልረሳውም፤ እሳቸው አልሳቁም ነበርና።

እሳቱ ሲቀጣጠል ጀርባቸውን ሰጡን። እኔ ነገሬ አላልኩትም፣ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ስምንቱን ምድብ አቃጥለን የመጨረሻው ላይ ስንደርስ የበቆሎውን ራሶች ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሰባት። መዝገቤ ግን ሠላሳ ስምንት ይላል። ደግሜ ቆጠርኩ። ጆንያውን ገለበጥኩ። ሚዛኑ ሥር፣ ሣሩ ውስጥ፣ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ሳይቀር ፈለግሁ። አንድ ራስ በቆሎ የለም።

ዞር ስል አባ ዲጋ በሩ ጋ የሉም። ሳይነግሩኝ ከበሩ ተለይተው አያውቁም ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳገቱን ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጡ።

"አባ ዲጋ፣ አንድ ራስ ጎድሎብኛል" አልኳቸው።

አልዋሹኝም። ቢዋሹኝ ምናልባት ይቀለኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ዋላሂ ለሆዴ አይደለም። እህል እሳት ውስጥ ሲጣል ቆሜ እያየሁ፣ አላህ ነገ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? አንዷን እንኳ ላትርፍ ብዬ ነው። እጄ እምቢ አለኝ ልጄ።"

"የት አደረጓት?"

"ለእህቴ ለሲቲ ሰጠኋት። ዘር ያዥ እሷ ናት።"

አዴ ሲቲን፣ እማማ ሲቲ እንደማለት ነው፣ አውቃቸዋለሁ፤ አካባቢው በሙሉ ያውቃቸዋል። የዚያ መንደር በቆሎ ዘር በእሳቸው እጅ ነው። ሰው ዘሩ ሲያልቅበት ወይ ሲበላሽበት እሳቸው ጋ ይሄዳል፤ በስፍር ይወስዳል፤ ሲደርስለት በስፍር ይመልሳል፤ ካልደረሰለትም አይጠየቅም። ታኅሣሥ ደግሞ ክፉ ጊዜ ነበር። በእኛ አገር በጋ ሲገባ ውኃው የሸሸውን ጨፌ፣ ረግረጉን መሬት፣ ቆፍረው በቆሎ ይዘሩበታል፤ ቦኔ ይሉታል። የክረምቱን በቆሎ ተምች የበላበት ሰው ተስፋው ቦኔ ነው። ዘር የሚከፋፈለው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ለዶክተሩ ወዲያው መደወል ግዴታዬ ነው። ብደውል የሚሉኝን አውቃለሁ፤ ያቺ ራስ የነካችው ዘር በሙሉ ተወርሶ ይቃጠላል። መንደሩ ያለ ዘር ይቀራል። ባልደውል ደግሞ ማንም ያልፈቀደው ዘር ጨፌው ላይ ይበቅላል፤ ዱቄቱ ከእያንዳንዱ ሰው በቆሎ ጋር ይዳቀላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም። ስልኩን መልሼ ከተትኩት። "ምናልባት ገና አልፈለፈሏት ይሆናል" አልኩ ለራሴ። የመመርመሪያ ወረቀቶቼን በቦርሳ ይዤ ቁልቁል ሮጥኩ።

መንገዱ ዳር የታጠበ ቡና በአልጋ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ጉድፉን እየለቀሙ "አከም ጂርታ?" አሉኝ። ሰላምታቸውን መመለሴን አላስታውስም።

አዴ ሲቲ ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ይፈለፍላሉ። ከበስተጀርባቸው፣ ከምድጃው በላይ፣ ከቆጡ የተንጠለጠለ በቆሎ ጭስ ጠግቦ ጠቋቁሯል። አንድ ራስ ያነሳሉ፤ ከመሐሉ አንዲት ፍሬ ነቅለው በመንጋጋቸው ቀጭ ያደርጓታል፤ ድምፁን ያዳምጣሉ። ደረቅ ከሆነ ይፈለፍላሉ፤ ካልሆነ ወደ ጭሱ ይመልሱታል። ጫፉን አይወስዱም፤ ቂጡንም አይወስዱም፤ ለዘር የሚሆነው የመሐሉ ብቻ ነው። በፊታቸው ሁለት ቁና የሚሞላ ፍሬ ተከምሯል።

"አዴ ሲቲ፣ አባ ዲጋ የሰጡዎት በቆሎ የት አለ?"

"ትልቁ? ፈለፈልኩታ። ከጫፍ እስከ ቂጡ ሸጋ ነበር፣ የምጥለው ባጣ ሁሉንም ፈለፈልኩት።" ክምሩን በአገጫቸው አሳዩኝ። "እዚያ ውስጥ ነው።"

ቁርበቱ ጫፍ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። እውነቴን ነው፤ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ ባለዲግሪ፣ ጋዋን ለብሼ።

"ሜ፣ እስቲ ተነሽ" አሉኝ። "የሞተ ሰው አለ?"

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ሳልደብቅ። ተሕዋሲዋን፣ ዘረመሉን፣ ነገ የሚመጡትን ሰዎች፣ እሳቱን። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ።

"ከአፈር ትል ወስዶ በቆሎ ውስጥ የከተተው ማነው?"

"ትል እንኳ አይደለችም። ሳይንቲስቶች ናቸው።"

"በመርፌ?"

"እንደዚያ በሉት።"

"ሱብሃነላህ! እጃቸው እንዴት ደቃቅ ነው።" ሳይሳለቁ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ፈጦ። ከዚያ፣ "ልጄ ባለፈው ዓመት መድኃኒት ሲረጭ ዓይኑን ታሞ ከርሟል። ይህ ካለ መርጨት ይቀራል አይደል?" አሉ።

"ይቀንሳል፣ አዎ።"

"ደግ ነገር ነው። ተምቹስ ምን ይበላል?"

"ሌላ ይፈልጋል። ካልተጠነቀቅን ደግሞ በጊዜ ብዛት ይለምደዋል።"

"ዘሩንስ በየዓመቱ ከቆጤ አወርዳለሁ?"

"ከተፈቀደ... ምናልባት ከሱቅ ይገዛሉ።"

"ከዚህ ቤት ዘር ተከልክሎም ተሸጦም አያውቅም" አሉ። ቀጥለውም፣ "አሁን ለቅሶሽን ዋጪና ያንን ቆረቆንዳ አምጪ" አሉኝ።

"የቱን?"

ምድጃው አጠገብ ፍሬው የተፈለፈለ ቆረቆንዳ ለማገዶ ተከምሯል። "የእኔ ቀጭን ነው፣ ቀይ ነው። የናንተው ወፍራምና ነጭ ነው። አንድ ነው፣ ታገኚዋለሽ።"

አገኘሁት። እና እጄ ላይ ይዤው ሳለ ነው የገባኝ። ቆረቆንዳ ፍሬው የተነቀለበት ጎድጓዳ አለው። ጎድጓዳው ተቆጠረ ማለት የፍሬው ቁጥር ታወቀ ማለት ነው! አራት ዓመት ተምሬ ይህ አልታሰበኝም፤ እሳቸው ግን እያለቀስኩ ሳለሁ አስበውት ጨርሰዋል። እስክሪብቶ አውጥቼ እያንዳንዷን ጎድጓዳ እየነካሁ ቆጠርኩ። አሥራ አራት ረድፍ። አራት መቶ ሰባ ሁለት ፍሬ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

"አራት መቶ ሰባ ሁለት ፍሬ እንፈልጋለን" አልኩ። ስናገረው እንኳ የማይሆን መሰለኝ። ክምሩ ውስጥ ስንት ሺህ ፍሬ አለ። ነጭ ከነጭ ጋር። የአዴ ሲቲ ዘር ግማሹ ከጭሱ የቆየ ስለሆነ ይታወቃል፤ ግማሹ ግን የዘንድሮ ነው፤ በእኔ ዓይን ከልውጡ አይለይም።

ፊታቸውን ታጥበው፣ ዙህር ሰግደው፣ ሰፌዱን አመጡ። ፀሐይዋን በቀኝ አድርገው ተቀመጡ። አንድ እፍኝ አፈሰሱ። በአውራ ጣታቸው ገፋ፣ ገለበጥ፣ ገፋ፣ ገለበጥ። አንዲት ፍሬ ወደ ቀኝ። ሁለት። ሦስት።

"በምን ያውቋታል?" አልኳቸው።

"አናቷ ላይ ስርጉድ ትላለች። የእኔ ግን ጉልበታም ነው፣ አናቱ ድፍን ነው።"

"ይቺስ? ስርጉድ ያለች ናት፣ ለምን ወደ ግራ ጣሏት?"

"ይቺ የእኔ ናት፣ ንፋስ ያመጣባት። ዓምና ከማዶ የሱቅ ዘር ዘርተው ነበር፤ ዱቄቱ መጥቶ ተቀላቀለኝ። ሆዷን እዪ፣ ቢጫ ነው። የናንተ ሆዷ ወተት ነው።" ከዚያ የነገሩኝ ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ንፋስ ያመጣባትን ፍሬ በየዓመቱ እያወጡ ለምግብ ነው የሚያደርጉት እንጂ ለዘር አያስቀሩም። ጎረቤት የሱቅ ዘር ሲዘራ ደግሞ እሳቸው አሥራ አምስት ቀን ቀድመው ይዘራሉ፤ "ጸጉሩ ከዱቄቱ እንዳይገናኝ"። እኛ ያን ማሳ ስንዘራ ተመሳሳዩን ሕግ ሦስት ገጽ ጽፈን፣ ማኅተም አስደርገን ነበር። እሳቸው ከእናታቸው ነው የሰሙት።

አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለት። ፍሬዎቹን በእጄ እየተቀበልኩ በአሥር በአሥር እደረድራለሁ። አንዳንዴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በጣታቸው ብቻ ያሻሹና ወደ ቀኝ ይጥላሉ። አላመንኳቸውም። ኃጢአቴን ልናገር፤ ፈተንኳቸው። ከለቀሙት ውስጥ አንዲቱን ሰርቄ፣ እሳቸው ውኃ ሊጠጡ ዞር ሲሉ ክምሩ ውስጥ ጨመርኳት። ምን ዓይነት እብደት ነው በሉኝ፤ ያለቀስኩበትን ነገር መልሼ መጨመር! ወዲያው ፀፀተኝ፤ ፈልጌ ላወጣት ስል ጠፋችብኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አዴ ሲቲ አንዲት ፍሬ አንስተው ቆም አሉ። ወደ ፀሐይ አዙረው አዩዋት።

"ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይቺን አንድ ጊዜ አውጥቻት ነበር" አሉ። "ቂጧ ላይ ጥፍሬ አለ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። እሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበረች። "ተማሪ ሆነሽ አለመጠርጠርሽ ነበር የሚገርመኝ" አሉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ክምሩ አለቀ። አባ ዲጋ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከእፍረት የተነሳ ገብተው አልተቀመጡም። ቆጠርኩ። አራት መቶ ሰባ አንድ።

ደግሜ ቆጠርኩ። አራት መቶ ሰባ አንድ።

"አንዲት ጎደለች" አልኩ።

ቁርበቱን አነሳን። ጸጉሩን በጣታችን አበጠርነው። ሰፌዱን ደበደብነው። አባ ዲጋ በጉልበታቸው ተንበርክከው የደጁን አፈር ፈተሹ። ቆረቆንዳውን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አራት መቶ ሰባ ሁለት። "ዶሮ በልታት ይሆን?" አልኩ።

"የእኔ ዶሮ ዘር አጠገብ አትደርስም" አሉ አዴ ሲቲ በኩራት።

አንዲት ፍሬ ምን ታደርጋለች ትሉኝ ይሆናል። አንዲት ፍሬ አንድ አገዳ ትሆናለች፤ የአንድ አገዳ ዱቄት የጎረቤቶቿን ሁሉ ይነካል። የቁጥጥር ሰዎች አንዲት ጎደለች ብዬ ብነግራቸው ክምሩን በሙሉ ያቃጥሉታል። ያ ሁሉ ቀን ለአንዲት ፍሬ ተብሎ ከንቱ ሊሆን ነው።

በዚህ መሐል አዴ ሲቲ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቀስ ብለው መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

"ያ ረቢ" አሉ። "በልቻታለሁ።"

"ምን?"

"ነክሻታለሁ! ወንድሜ እንደሰጠኝ ነከስኳት። እንደ ሌላው ሁሉ። ደረቅ ናት አልኩ፣ ፈለፈልኩ።"

"አልተፏትም?"

ተቆጥተው አዩኝ። "እህል ይተፋል እንዴ?"

አባ ዲጋ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እኔ። ከዚያ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው፣ "እንግዲህ ነገ ተምች ቢነክሰኝ ይሙታ!" እያሉ ሳቁ። እንባዬ ይወርዳል፤ የትኛው የሳቅ፣ የትኛው የለቅሶ እንደሆነ አላውቅም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደዚያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእኔ ሥራ ነበር። ከክምሩ እፍኝ ለመፍጨት ጠየቅሁ። ዘር ሲፈጭ ማየት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ዝም ብለው ሰጡኝ። ፈጭቼ በውኃ በጥብጬ ወረቀቱን ነከርኩ። አንድ መስመር ከወጣ ወረቀቱ ይሠራል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ከወጣ ልውጡ አለበት። ከለቀምነው አንዷን ስሞክር ሁለት መስመር ቁልጭ አለ። ከክምሩ ሦስት እፍኝ ሞከርኩ። አንድ መስመር። አንድ መስመር። አንድ መስመር።

በማግስቱ ለዶክተሩና ለባለሙያዋ ሁሉንም ተናገርኩ። የአባ ዲጋን ስም ላለመጥራት ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ቀድመውኝ ተናገሩ። ዶክተሩ ፊታቸው ደም መሰለ። የቁጥጥር ባለሙያዋ የሰጠኋትን ፖስታ ከፍታ ፍሬዎቹን፣ የተፈጨችውን ዱቄት፣ በእስክሪብቶ የተነጠበውን ቆረቆንዳ አየች።

"አንዷስ?" አለች።

"ተበልታለች።"

"በማን?"

"በዘር ያዧ። ለምርመራ።"

ከዚያ አዴ ሲቲ ጋ ወርዳ፣ ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷ ከክምሩ መርጣ በራሷ ወረቀት ሞከረች። አንድ መስመር። ዘሩ እንዳይቃጠል፣ ቦኔው ግን እስኪደርስ በዓይን እንዲጠበቅ ጻፈች። አባ ዲጋ ከዘበኝነት ተነሱ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ኮንትራቴም ሲያልቅ አልታደሰም። ቅር አላለኝም አልልም፤ ብሎኛል። ደውዬ ማሳወቅ ሲገባኝ አለመደወሌ ጥፋት ነበር፤ ዛሬም ጥፋት ነው እላለሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ቁጥሩ ገጥሟል፤ ግን ከአራት መቶ ሰባ አንዱ ውስጥ አንዷ የአዴ ሲቲ የራሳቸው ብትሆንስ? ያኔ አንዷ ልውጥ ክምሩ ውስጥ ቀርታለች ማለት ነው። እፍኝ መሞከር ሁሉንም መሞከር አይደለም።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጊንጆ ቤታችን ደጅ ባጃጅ ቆመ። አዴ ሲቲ ወረዱ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው። እናቴ ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

"ተምቹ ቦኔውን በላው" አሉኝ። "ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሰባት አገዳ ብቻ ትቷል። ቀዳዳ የለባቸውም።"

ፌስታሉን ዘረጉልኝ፤ ሰባት ቅጠል። አንድም አልተበሳም። ልክ እንደዚያ ማሳ።

"ለማንም አልተናገርኩም" አሉ። "የናንተ ከሆነ እነቅለዋለሁ። ዛሬውኑ። ግን ወረቀትሽ ይንገረኝ ብዬ መጣሁ።"

አስቡት እስቲ። ማሳቸው ወድሟል። የቀራቸው ሰባት አገዳ ነው። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? እኔ እንኳ ከሥራ ወጥቻለሁ። ዝም ብለው ሰባቱን ለዘር ቢያስቀሩ ተምች የማይነካው በቆሎ በነፃ አገኙ ማለት ነው። እሳቸው ግን ሊነቅሉት በባጃጅ ተሳፍረው መጡ።

ሁለት ወረቀት በማስታወሻነት አስቀርቼ ነበር። የሰባቱንም ቅጠል ቁራሽ አንድ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ፈጨሁ። ነከርኩ። አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። የግድግዳችን ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። አዴ ሲቲ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረጉ ነው። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ጠበቅን። አምስት ደቂቃው ሞላ፣ አለፈ። አሥር ሆነ።

ሁለተኛው መስመር አልወጣም።

"የማን ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"የእርስዎ ነው አዴ ሲቲ። የራስዎ ነው።"

ያኔ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አለቀሱ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "እናቴ የሰጠችኝ ውስጥ ይህ እንዳለ ሳላውቅ አርጅቼ" አሉ።

አንባቢዎቼ፣ "እንግዲህ ትደግፊያለሽ ወይስ ትቃወሚያለሽ?" ትሉኝ ይሆናል፤ ሁሉም ይጠይቀኛል። እኔ ያንን ያልተበሳ በቆሎ አይቻለሁ፤ የአዴ ሲቲ ልጅ ዓይኑን ከሚታመም ያ በቆሎ ቢዘራ እመርጣለሁ። ነገር ግን ዘር ከቆጥ ወርዶ ሱቅ ሲገባ ምን እንደሚቀር፣ ንፋስም ፈቃድ እንደማይጠይቅ አይቻለሁ። ሰባት አገዳም ቤተሰብ አይመግብም፤ ያን ዓመት አዴ ሲቲ እህል ገዝተው ነው የበሉት። አንዱ ብቻ ልክ ነው የሚል ሰው ካለ ና፣ ከቁርበቱ ጫፍ ቁጭ በል፣ አንድ እፍኝ ልቀም እለዋለሁ። የተማረ እጅ ደቃቅ ነው። ያልተማረ የሚባለውም እጅ ደቃቅ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ሲሠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የተገናኙትም በአንድ ሽማግሌ ስህተት ነው።

ዛሬ ከሰቃ እስከ አጋሮ፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ እየዞርኩ ዘር ያዥ ሴቶችን እፈልጋለሁ፤ ያላቸውን እመዘግባለሁ፤ ጥቂት ጥቂት እየወሰድኩ አንድ የዘር ቤት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ደመወዙ ከድሮው ያነሰ ነው። እናቴ እስካሁን ትነጫነጫለች።

ሰባቱ አገዳ ሲደርሱ አዴ ሲቲ አንዱን ራስ ላኩልኝ። ያመጡት አባ ዲጋ ናቸው፤ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አሁን የማንም ሕግ ሳይከለክላቸው። ሽፋኑን ስገልጠው ከመሐሉ አንዲት ፍሬ የለችም። ደንግጬ ቀና አልኩ።

"ሲቲ ናት" አሉ አባ ዲጋ። "ቀምሼልሻለሁ ብለህ ንገራት ብላኛለች።"

ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ጭሱ በሚደርስበት፣ ሰቅዬዋለሁ።